በጀሪካን የሚጀመር ሽንኩርት

አፉ ተቆርጦ ሥሩ የተበሳ ጀሪካን፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር፣ ጥቁርና ደቃቅ ዘር፤ የቀይ ሽንኩርት ችግኝ ከዚህ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ይህን አጀማመር ከልቤ እወደዋለሁ። ሽንኩርት ሲበቅል እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ መሬት ላይ ቢዘራ አረም ይውጠዋል፣ የሐምሌ ዶፍም ያጥበዋል። በጀሪካን ያለው ግን ዝናብ ሲመጣ ከጣራ ሥር ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ይውላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ፣ ወደ መደብ ከመዛወሩ ጥቂት ቀን ቀድሞ ውሃ እየተቀነሰለት ይጠነክራል። ደግሞ እንዴት ያለ ቻይ ነው! ካሮት የማይታገሠውን መነቀል እሱ ችሎት ያገግማል።

ነጭ ሽንኩርት ግን ከራሱ ተፈልቅቆ በወጣ ፍሬ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። በጣሳ ሲጀመር የበሰበሰው ቶሎ ይታያል፤ ወደ መደብ የሚሄደው ጤነኛው ብቻ ነው።