«ቋሚ ጥርስ» ስለሚባለው ነገር
ከኒሯቅ አንጻር የቀረበ ሒስ

የጥርስ ሕክምና በሚሰጥባቸው ከተሞች፥ በተለይም በአዲስ አበባ፥ በታፔላና በማስታወቂያ ላይ ደጋግሞ የሚነበብ አንድ ሐረግ አለ፤ ይኸውም «ቋሚ ጥርስ እንተክላለን» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ሐረግና ከበስተኋላው ያለውን አስተሳሰብ ነው። ሐሳባችን የሙያውን ባለቤቶች መንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሐረጉ ለሰሚው የሚሰጠው ተስፋና ሕክምናው በእርግጥ የሚፈጽመው ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቁ ማሳየት ይገባል ብለን እናምናለን። መመዘኛ እንዲሆነን ኒሯቅን መርጠናል። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ፥ በአበርገሌ ወረዳ፥ ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። አንድ ሕክምና መልካም ነው የሚባለው ከሐኪሙ ደጅ ለሚኖር ሰው ብቻ ሲመች አይደለምና፥ ከሩቅ መጥቶ ወደ ሩቅ ለሚመለሰውም ሰው መፈተን አለበት።

1. ስለ ቃሉ

በአማርኛ «ቋሚ ጥርስ» ሲባል፥ የወተት ጥርስ ከወለቀ በኋላ በቅሎ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ጥርስ ማለት ነው። ልጅነቱን በአንድ ሙያ ያሳለፈውን ሰው «ጥርሱን የነቀለበት ነው» የምንለውም፥ የወተት ጥርስ መውለቅ የዕድሜ ምልክት ስለሆነ ነው። የውጭ አገር የሙያ ቋንቋዎች ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አሏቸው፤ አንደኛው በተፈጥሮ ለሚበቅለው ጥርስ፥ ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ በእጁ ሊያወልቀው ለማይችለው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ስለ አያያዙ እንጂ ስለ ዘመኑ አንዳች አይናገርም። በእኛ ዘንድ ሁለቱም «ቋሚ» ስለ ተባሉ፥ ገዢው የገዛው ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ የሚኖር ይመስለዋል፤ ይህም የትርጉም ጉድለት የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

«መትከል» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ዛፍም ይተከላል፥ ምሰሶም ይተከላል፤ ዛፍ ግን ሥር ይሰዳል፥ ምሰሶ አይሰድም። የተፈጥሮ ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘው በቀጭን ጅማታም ሽፋን ነው፤ ጠጠር ስንነክስ ፈጥነን የምንሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኢምፕላንት ይህ ሽፋን የለውም፤ በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል እንጂ። ስለዚህ አስተካከሉ የምሰሶ እንጂ የዛፍ አይደለም።

2. ስለ ሥራው

የጎደለን ጥርስ የማይወልቅ አድርጎ መተካት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በጥንቷ ኢጣልያ የነበሩት ኤትሩስካውያን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ፥ በወርቅ ጥፍጥፍ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ያያይዙ ነበር። ዛሬ «ድልድይ» የምንለውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በጎዶሎው ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ካባ ይለብሳሉ፥ የጎደለውም በመካከላቸው ይንጠለጠላል። ጉዳቱ ጤነኛ ጥርስን ስለ ጎረቤቱ መሞረድ ነው።

ኢምፕላንትን በዛሬው መልኩ ያስገኙት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የጥንቸል አጥንት ሲመረምሩ፥ የተጠቀሙበት የቲታንየም ዕቃ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላቸው። በ1965 ዓ.ም. በዬተቦርይ ከተማ የመጀመሪያውን ሰው አከሙ፤ የሙያው ዓለም በሰፊው የተቀበላቸው ግን በ1982 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥንቱ በሚበሳበት ጊዜ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሞቀ ይጎዳልና። ብሎኑ ከገባ በኋላ፥ በተለመደው ሥርዓት፥ ጥርሱ እስኪታሰርበት ድረስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል።

ይህ ሥራ ታላቅ መሆኑን አንክድም። በተለይም የታችኛው መንጋጋ ጥርስ በሙሉ ለወለቀበት ሰው የሚደረገው እርዳታ የሚደነቅ ነው። ጥርስ ካለቀ በኋላ የመንጋጋው አጥንት እየሟሸሸ ስለሚሄድ የሚወልቀው ጥርስ በአፍ ውስጥ ይዋልላል፤ ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ተተክሎ ቢያዝለት ግን ይጸናል። በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለእንደዚህ ያለው ሕመምተኛ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው እንዲሆን ተስማምተዋል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው፥ በዚህ ሕክምና ኢምፕላንቱ የሚይዘው የሚወልቀውን ጥርስ መሆኑን ነው፤ «ቋሚ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም፥ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

3. ስለ ቁጥሩ

በ2007 ዓ.ም. የታተመ፥ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ አንድ ሥራ እንደሚያስረዳው፥ በጥርስ ላይ ከተሠራው ድልድይ 89.2 በመቶው፥ በኢምፕላንት ላይ ከታሰረው ነጠላ ጥርስ ደግሞ 89.4 በመቶው እስከ አሥር ዓመት ቆይተዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ችግር የገጠማቸው፥ ድልድያቸው በጥርስ ላይ ከተሠራላቸው ሰዎች 15.7 በመቶ ሲሆኑ፥ በኢምፕላንት ላይ ከተሠራላቸው ግን 38.7 በመቶ ነበሩ። ከችግሮቹ ብዙዎቹ ብሎን መላላትና የሸክላው መሰንጠቅ የመሳሰሉ፥ ሐኪም ባለበት አገር በአንድ ቀጠሮ የሚታረሙ ናቸው።

ሐኪም በሌለበት አገርስ? የሒሳችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። የላላ ብሎን ካልጠበቀ ይሰበራል፤ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚቆጣ ድድ በጊዜው ካልተጠረገ አጥንቱን ይበላል። ከዚህም ሌላ የየፋብሪካው ብሎን የየራሱ መፍቻ ስላለው፥ የተተከለው የማን ሥራ እንደሆነ ያላወቀ ሁለተኛ ሐኪም ሊፈታው ይቸገራል። እንግዲህ አሥር ዓመት መቆየቱ የብረቱ ብቻ ጠባይ ሳይሆን፥ በመካከሉ የሚደረገው የክትትል ሥራ ውጤት ነው። ማስታወቂያው ብረቱን ያስታውቃል፤ ክትትሉን ግን አያስታውቅም።

4. ስለ ኒሯቅ ሰው

አሁን ከኒሯቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ መንጋጋ ጥርሳቸውን አጥተው ወደ ከተማ ሐኪም ቀረቡ እንበል። የዞኑ ትልቅ ሆስፒታል በሰቆጣ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፤ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለኢምፕላንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ፥ ከዚያም በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ሰዎች ወደ ሰቆጣ መፈናቀላቸውን ስናስታውስ፥ ቀጠሮ የሚባለው ነገር በሰላም ላይ የቆመ መሆኑን እንረዳለን።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ሊጠይቃቸው የሚገባው «ቋሚ ነው ተነቃይ የሚፈልጉት?» ብሎ ሳይሆን፥ «አባቴ፥ ምን መብላት ነው ያቃተዎ?» ብሎ ነው። ቆሎ መቆርጠምና የፍየል ሥጋ ማላመጥ ከቻሉ፥ ከኋላ የጎደለው መንጋጋ የግድ መተካት የለበትም። ሆላንዳዊው ሊቅ ካይዘር በ1981 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ የፊት ጥርሶችና ጥቂት ተከታዮቻቸው በሚገባ ከገጠሙ ለብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ማኘክ ይበቃሉ። እንግዲያውስ የቀሩትን ጥርሶች መጥረግና መሙላት፥ የሚያስፈልግ ከሆነም በቅርብ ሊጠገን የሚችል የሚወልቅ ጥርስ ማሠራት፥ ከአንድ ውድ ብሎን የበለጠ ሊያገለግላቸው ይችላል።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍሎች፥ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፥ ምክንያቱ ጥርስ ነው እየተባለ ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ከድዱ ተፈልፍሎ ይወጣል። መሣሪያው ንጹሕ አለመሆኑ አንድ አደጋ ነው፤ ሁለተኛው አደጋ ግን ከሥሩ ተኝቶ ተራውን የሚጠብቀው ክራንቻ አብሮ መጎዳቱ ነው። እውነተኛው ቋሚ ጥርስ ሳይበቅል ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ለጎደለው ጥርስ በልጅነት ኢምፕላንት አይተከልም፤ መንጋጋው ሲያድግ ብረቱ አብሮ ስለማያድግ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይቀራልና። ልጁ ዕድገቱን እስኪጨርስ መጠበቅ አለበት። ቤተ ሰቡ ይህንን ልማድ ቢተው ግን አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ቋሚ ጥርስ አተረፈለት ማለት ነው።

5. መደምደሚያ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ መሆናቸውን ገምቷል። እንግዲህ ጥርስ የመተካት ጥያቄ የባለጸጎች ጌጥ ብቻ አይደለም። እኛ የምንነቅፈው ኢምፕላንትን ሳይሆን፥ በዋጋ ውድ የሆነውን ሁሉ ለሁሉም ሰው አንደኛ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ደረጃ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ «ቋሚ» የሚለው ቃል ለበቀለው ጥርስ ይተውና፥ ሰው ሠራሹ እንደ አያያዙ «የሚወልቅ» እና «የማይወልቅ» ይባል፤ ቃሉ ቀላል ነው፥ ሐሰትም የለበትም። ሁለተኛ፥ ኢምፕላንት የተተከለለት ሰው ሁሉ የፋብሪካው ስም፥ የብሎኑ መጠንና የተተከለበት ቀን በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ቅጂውም በሐኪሙ ዘንድ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከወንበሩ ትምህርት ጋር፥ ሕመምተኛው ወደ የት እንደሚመለስ መጠየቅን እንደ አንድ የምርመራ ክፍል ይማሩት። አንድ ጥርስ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው መንጋጋውና መንገዱ አንድ ላይ ሆነው ነውና፥ ሁለተኛውን ሳይመረምር የሚሰጥ ተስፋ ከግማሽ ምርመራ የወጣ ተስፋ ነው።