የቆዩ ኮምፒዩተሮች ራምና የትምህርት ቤት ንብረት አያያዝ

በትምህርት ቤቶች ስለ ኮምፒዩተር አቅርቦት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠየቀው ብዛቱ ነው። ስንት መሣሪያ ገባ፣ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱስ ቆሟል የሚለው ጥያቄ በርግጥ ተገቢ ነው። ይሁንና የመሣሪያውን የአገልግሎት ዘመን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በብዛት መግለጫ ውስጥ አይታይም፤ ይኸውም በተለምዶ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታና የሚሰካበት ቦታ ዓይነት ነው። ይህ ካልታወቀ ስለ ቆየ ኮምፒዩተር የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ «ራም ይጨመርለትና እንደ አዲስ ይሠራል»፣ ወይም «ጊዜው አልፎበታልና ይወገድ»። ሁለቱም ያለ ምርመራ የሚሰጡ ፍርዶች በመሆናቸው ጉዳታቸው በመጨረሻ የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፍርድ ራም ሁሉ አንድ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዲ ዲ አር 2 እና ዲ ዲ አር 3 የተባሉት የዴስክቶፕ ራሞች ሁለቱም 240 ፒን አላቸው፤ ሆኖም የፊተኛው በ1.8 ቮልት፣ የኋለኛው በ1.5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ በግርጌያቸው ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ዲ ዲ አር 4 ደግሞ 288 ፒንና 1.2 ቮልት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደረጃው የወጣለት ዲ ዲ አር 5 በፒን ቁጥር ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም አይተካካም።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስተው መሰኪያው ውስጥ በትክክል ገብቶ የማይሠራው ነው። ለሰርቨር የተሠራ ሬጅስተርድ የሚባል የዲ ዲ አር 3 ራም በተራ ዴስክቶፕ ላይ ሲሰካ ይገባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይነሣም። ማዘርቦርዱ ራሱ በአንድ መሰኪያ የሚቀበለው መጠን የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 በተጫነበት መሣሪያ ላይም 8 ጊጋባይት ቢሰካ፣ ሥርዓቱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም ቀሪው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ ሳይመረመር የተገዛ ራም ለመሣሪያው ዕድሜ አይጨምርም፤ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ብቻ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ፍርድም እንዲሁ ችኩል ነው። ሲበራ የጢጥታ ድምፅ እያሰማ ስክሪኑ ጨለማ የሚሆን ኮምፒዩተር አንዳንድ ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን ራሙ የላላ ወይም ፒኑ አቧራ የያዘ ነው። ኃይሉ ተነቅሎ፣ ራሙ ወጥቶና ተጠርጎ በሚገባ ሲሰካ ሊነሣ ይችላል። በሌላ ምክንያት የሞተ መሣሪያም ቢሆን ራሙ ደኅና ከሆነ ለአምሳያው መለዋወጫ ነው። አምራቾች ወደ አዲሱ ትውልድ በተሸጋገሩ መጠን የቀድሞው ራም ከአገልገለ መሣሪያ እንጂ ከፋብሪካ አይጠበቅም። ስለዚህ የሞተውን ኮምፒዩተር ከነራሙ መጣል በሕይወት ያለውን አብሮ እንደ መቅበር ይቆጠራል።

እርግጥ ነው፣ ራም ሁሉን አያድንም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ራም በተጨማሪ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህ የሌለው መሣሪያ ራም ቢጨመርለትም መስፈርቱን አያሟላም። ቀላል የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበት ለጽሑፍና ለፕሮግራም ልምምድ ማገልገሉ ግን አይቀርም።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በኢትዮጵያም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የታደለው ኤክስ ኦ 1 የተባለው የልጆች ላፕቶፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብዛት መመረት የጀመረው ይህ መሣሪያ ለአቧራና ለፀሐይ የታሰበለት፣ ክፍሎቹም በቀላሉ እንዲፈቱ የተሠራ በመሆኑ ተመስግኗል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን 256 ሜጋባይት የሆነው ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኤክስ ኦ 1.5 ራሙ 1 ጊጋባይት ሲሆን፣ በፊተኛው እጅ የነበረው ልጅ ግን የሚጨምርበት መሰኪያ አልነበረውም። ባትሪውና ስክሪኑ ሊለወጥ የሚችል መሣሪያ፣ ዕድሜው በራሙ አስቀድሞ ተለክቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የራም ጉዳይ የሚነሣው መሣሪያው ሲቆም ሳይሆን በግዥ ወይም በስጦታ ሲገባ መሆን አለበት። በንብረት መዝገቡ ላይ የራሙ ትውልድ፣ ያለው መጠን፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን፣ ባዶ መሰኪያ መኖር አለመኖሩና ራሙ የተበየደ መሆን አለመሆኑ ቢመዘገብ፣ ከአምስት ዓምድ የማያልፍ ሥራ ነው። ይህ ያልተመዘገበለት ኮምፒዩተር በቁጥር ይቆጠራል እንጂ ለነገው ተማሪ ታስቦለታል ሊባል አይችልም።