ቀረጥ ውል ላይ ሲያርፍ

ኮልፌ ቀራኒዮ ወዳለው ቢሮዬ የሚመጡት ባለጉዳዮች አብዛኞቹ የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚያስመጡ፣ የሚገጣጥሙና ለጨረታ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ናቸው። ቀረጥ የትራንዚተር ጉዳይ ነው ብለው ስለሚያምኑ ወደ ጠበቃ የሚመጡት ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከቆመ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የሚከራከሩበት ወረቀት በሙሉ ተፈርሞ አልቋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የታሪፍ መጽሐፉ አንድ መስመር እንኳ አልተቀየረም። ቀረጡ ግን ጨመረ። ጉምሩክ የሚያሰላው ኢንሹራንስና ማጓጓዣ በተደመሩበት ዋጋ ላይ፣ በብር ነው። 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ዶላር 57 ብር ሳለ በ35 በመቶ ታሪፍ 199,500 ብር ይከፍል ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲገባ 350,000 ሆነ። በዚያ ላይ ቫት ይደመራል፤ ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱን ጨምሮ በተደመረው ላይ ይሰላል። በዚህ አካሄድ የ100 ብር ዕቃ ወደ 171 ብር ይጠጋል።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው ቀደም ሲል በቁርጥ ዋጋ ጨረታ ባሸነፈው ሰው ላይ ነው። «መንግሥት ያመጣው ለውጥ ስለሆነ ከአቅም በላይ ነው» ይለኛል። ሕጉ እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀራል ይላል። አንቀጽ 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርንም ሆነ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች አያስገባም። ገዢው የመንግሥት አካል ሆኖ ውሉ አስተዳደራዊ ከሆነ ብቻ ከአንቀጽ 3183 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ኪሳራውን እንዲጋራ ለመጠየቅ በር ይከፍታሉ። በነጋዴና በነጋዴ መካከል ያ በር የለም።

ሆኖም አንቀጽ 1794 ተዋዋዮች በግልጽ ሌላ ነገር እንዲስማሙ ይፈቅዳል። የእኛ ሙያ ያለው እዚህች ፈቃድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። «ዋጋው የተሰላው በዚህ የታሪፍ ቁጥር፣ በዚህ ምጣኔና በዚህ የምንዛሪ ተመን ነው፤ ከዚህ ቢለወጥ ልዩነቱን የሚሸከመው እገሌ ነው» የሚል አንድ አንቀጽ ከብዙ ዓመት ክርክር ያድናል።

ታሪፍ ቁጥሩን ለመጻፍ ግን ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ደንበኛዬ «ክፍሎች ናቸው» ሲለኝ ካታሎጉን አምጣ እለዋለሁ። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ሁለተኛ ደንብ መሠረት ተፈታትቶ የመጣ ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን ነው፤ በሣንዱቅ መታሸጉ ወደ ክፍል አያወርደውም። ብቻውን የመጣ የብረት ማጠፊያ ግን ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት ይህን ብዙ አያስተምርም፤ ዕቃውን በእጅ ሳይዙ አስተያየት መስጠትን እኔ አልወደውም።

ወደ ውጭ የሚልኩትም ከዚህ አያመልጡም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ደግሞ አሜሪካ 10 በመቶ መነሻ ታሪፍ ስታውጅ፣ ቀረጡን ለአሜሪካ ጉምሩክ የሚከፍለው አስመጪው ቢሆንም ገዢው ወዲያው ከሻጩ ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። መልሱን የሚወስነው ያው የውሉ አንቀጽ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። የጉምሩክን፣ የታክስንና የውልን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው፤ በሰፈር ያለነው ትንንሾቹም ብንጣመር እንችለዋለን።

እናንተ አስመጪዎች፣ ፕሮፎርማውን ከመፈረማችሁ በፊት ከካታሎጉና ከሽያጭ ውሉ ረቂቅ ጋር ይዛችሁ ወደ ጠበቃችሁ ሂዱ። ዕቃው ሞጆ ከደረሰ በኋላ የሚቀረን አቤቱታ ብቻ ነው።