ቃል የርስት ደብተር አይደለም

ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆቦ ደገኛው፣ ቆለኛውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አማርኛዋም እንደ ገበያዋ ነው። ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛና ከዐረብኛ የወሰደው ብዙ ነው። በዱዓ ላይ የሚመርቁት ሴቶች «ዱበርቲ» ይባላሉ። ቃሉ በኦሮምኛ ሴት ማለት ሲሆን «ዱዓ» ራሱ የዐረብኛ ነው።

ቅሬታዬ ይህን አማርኛ በሚመለከቱ ሁለት ወገኖች ላይ ነው። አንደኛው የራያን አነጋገር የሚፈልገው ለማሳቂያ ብቻ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» የገጠር አነጋገር ቁም ነገር መሸከም እንደሚችል ካሳየን በኋላ ይህ ባልተገባ ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በወጣው አከላለል ቆቦ በአማራ፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ክልል ሲመደቡ፣ የራያ ቃላት የይገባኛል ማስረጃ ሆነው ይጠሩ ጀመር። ቃሉ የእኛ ከሆነ ሰውየውም መሬቱም የእኛ ነው ይባላል።

ይህን ሙግት በ«ኮማንዶ» እንፈትነው። ቃሉ ከፖርቱጋልኛ የመጣ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ቦኤሮች የፈረሰኛ ጭፍራቸው መጠሪያ አደረጉት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 እነዚህን ጭፍሮች ተዋጉ። በ1940 ደግሞ የጠላታቸውን ቃል ወስደው ለራሳቸው ልዩ ጦር ሰጡት። ዛሬ ቃሉን የቆቦ ገበሬም ያውቀዋል፤ «ቦኤር ነህ» የሚለው ግን የለም። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወጣት ነገር ሲጥመው በአፍሪካንስ «ለከር» ይላል፤ የአዲስ አበባው ልጅም ከዐረብኛ በመጣው ቃል «አሪፍ» ይላል። በዚህ ዘሩ የተለወጠ የለም።

ታዲያ «ዱበርቲ» ያለችው የቆቦ እናት ብቻ ለምን ትመረመራለች? ቃል የሚነግረን ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ እንደተገበያየ፣ አንዳንዴም እንደተዋጋ ነው። ማን ከማን እንደተወለደ፣ መሬቱም የማን እንደሆነ አይነግረንም። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ቆቦንም አላማጣንም አዳርሷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የራያን ቃላት ከነምንጫቸው የሚሰበስብ ሰው ቢነሣ፣ በየክልሉ ከፋፍሎ እንዳይመዘግባቸው አደራ እላለሁ። ገበያው አልከፋፈላቸውም።