አስፈሪ ፊልም በወዳጆቹ ሸንጎ ፊት

አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ባዩት ፊልም ላይ የሚሰጡት ፍርድ በክፍል ከምንማረው የሥነ ጽሑፍ ሂስ ጋራ ሲመዛዘን ተራ ወሬ ይመስላል፤ ይኸውም ክርክራቸው ሁሉ «አስፈራህ ወይስ አላስፈራህም?» ከምትል ከአንዲት ጥያቄ ስለሚነሣ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚህ ወሬ ከሚስቁት አንዱ ነበርሁ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን ጥያቄዪቱ የምትናቅ እንዳልሆነች፥ ጉድለቱም የጠያቂዎቹ እንደ ሆነ ነው፤ እኩሌታዋን ብቻ ይጠይቃሉና።

ለዚህ ምርመራ መነሻ የሆነኝ በመኝታ ቤታችን ቅዳሜ ማታ የሚደረገው ስብሰባ ነው። ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተጠጋግተን፥ መብራት አጥፍተን አንድ ሆረር ፊልም እናያለን፤ ካለቀም በኋላ መብራቱ ሳይበራ ክርክር ይጀመራል። የተባለውን ሁሉ በማግሥቱ በደብተሬ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያ የጻፍሁት ለመሳቂያ እንደ ነበረ መደበቅ አልፈልግም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ለእነዚህ ወዳጆች የሚገባቸውን ምስጋና ልስጥ። ብዙ ፊልም ከማየታቸው የተነሣ የሥራውን ዘዴ ጠንቅቀው ያውቁታል። ሙዚቃው ሲቆምና ክፍሉ ጸጥ ሲል «አሁን መጣ» ይላሉ፤ ይመጣልም። እንዲሁም በቋንቋችን ጎን ለጎን የሚኖሩትን ሁለት ቃላት፥ መደንገጥንና መፍራትን፥ አጥርተው ይለያሉ። ድንጋጤ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ጆሮ ሰምቶ ሰውነት ይዘልላል፥ ልብም ወደ ቦታው ሲመለስ ያልፋል። ፍርሃት ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ አልጋ አብሮ ይሄዳል። ከመካከላችን አንዱ ስለ አንድ አዲስ ፊልም ሲጠየቅ «አሥር ጊዜ አስደነገጠኝ፥ አንድ ጊዜም አላስፈራኝም» አለ። ይህን የመሰለ አጭርና ሙሉ የሆነ ሂስ በመጽሔት አላነበብሁም።

የድንጋጤው ዘዴ አዲስ አይደለም። ቫል ሉተን ፕሮዲዩሰር ሆኖ ዣክ ቱርነር በ1942 ባዘጋጀው «ካት ፒፕል» በተባለው ፊልም፥ አንዲት ሴት በሌሊት በመናፈሻ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ይሰማል። ድንገት የኋለኛው ኮቴ ይጠፋል። የፊተኛይቱ ዞራ ብታይ ማንም የለም፤ መሮጥ ትጀምራለች። ወዲያው እንደ አውሬ ያለ ድምፅ ጆሮን ይበሳል፤ ግን የአውቶቡስ ፍሬን ነው። የፊልም ሰዎች ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የዛሬ አስመሳዮች የወረሱት አውቶቡሱን ብቻ ነው፤ ከአውቶቡሱ በፊት ያለውን የኮቴ መጥፋት አልወረሱም። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ፊልም በሚታይበት ምሽት፥ ለልጆች አይገባም የተባለ ስፍራ ሲደርስ መምህሩ እጁን በፕሮጀክተሩ ፊት ይጋርድ ነበር። ከዚያ እጅ ጥላ በስተጀርባ የሆነውን ሁላችንም በየልባችን እንሥለው ነበር፤ በኋላ ፊልሙን ሙሉውን ባየሁት ጊዜ ግን የተከለከልነው ነገር ከሣልሁት እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ቱርነር ያወቀውን ያ መምህር ሳያውቅ ሠርቶታል።

አንዳንድ አንባቢ «ፍርሃት የየሰዉ ነው፤ ስለዚህ የሥራ መመዘኛ ሊሆን አይችልም» ይል ይሆናል። ነገር ግን አሪስጣጣሊስ ስለ ትራጀዲ ሲናገር ርኅራኄንና ፍርሃትን የሥራው ዋና ፍሬ አድርጎ ሲቈጥራቸው ማንም አይስቅበትም። እርሱ ደግሞ በዐይን ብቻ ከሚታየው ትርዒት የሚገኘውን ፍርሃት፥ ከነገሩ አካሄድ ከሚገኘው ፍርሃት ዝቅ አድርጎ ያየዋል፤ የምንፈራውም እኛን ለሚመስል ሰው ነው ይላል። የቅዳሜ ወዳጆቼ አሪስጣጣሊስን ሳያነቡ የመጀመሪያውን ነገር ደርሰውበታል። ሁለተኛውን ግን፥ ማለት ለማን እንደምንፈራ፥ አይጠይቁም።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየኝ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የሠራውን «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ባየን ማታ ነው። ፊልሙ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፥ ወደ 114 ሺህ ዶላር በሚሆን ጥቂት ገንዘብ፥ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ሰባት ሰዎች በአንድ የገጠር ቤት ተዘግተው፥ ከሞት ተነሥተው ሰው የሚበሉ ሙታን ይከብቧቸዋል። ክርክሩ ሲጀመር «እንኳን ሊያስፈራ፤ ሙታኑ እንደ ሽማግሌ ነው የሚራመዱት፥ በሩጫ ማምለጥ ይቻላል» ተባለ። እውነት ነው፥ ይቻላል። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚጠፉት ሙታኑ ፈጣኖች ስለሆኑ አይደለም፤ ምድር ቤት እንግባ ወይስ ላይ እንቆይ በሚል ጠብ መስማማት ስላቃታቸው ነው። ዱዌን ጆንስ የተባለው ጥቁር ተዋናይ የሚጫወተው ቤን ሌሊቱን በሙሉ ታግሎ ብቻውን ይተርፋል፤ የሚተርፈውም ሲቃወመው በነበረው ምድር ቤት ገብቶ ነው። ሲነጋ ሙታኑን እያደኑ የሚመጡት የታጠቁ ሰዎች በመስኮት ያዩትና ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን በጥይት ይመቱታል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ መንቀሳቀሱን ትቶ እንደ ጋዜጣ ፎቶግራፍ ያለ ደረቅ ሥዕል ይሆናል፤ ሬሳውን በመንጠቆ ሲጐትቱት፥ ከሌሎቹ ጋራ ለእሳት ሲያዘጋጁት ይታያል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት ነበር። ሮሜሮ ጆንስን የመረጠው በፈተናው ከሁሉ ስለበለጠ እንጂ ክፍሉ ለጥቁር ሰው ስለተጻፈ አይደለም ይላል፤ ቢሆንም ተመልካቹ የሚያየውን ማየቱ አልቀረም። ሙታኑ ቀርፋፎች ናቸው ያለው ጓደኛዬ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ሲያይ ጫማውን ይፈልግ ነበር።

ጆርዳን ፒል በ2017 የሠራው «ጌት አውት» ይህን ነገር ከዚያ ያነሣዋል። ጀግናው ክሪስ ከፍቅረኛው ቤተ ሰብ ወጥመድ ወጥቶ በመንገድ ላይ ሳለ የፖሊስ የሚመስል ቀይና ሰማያዊ መብራት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ተመስገን፥ ዳነ!» ብሎ ጮኸ። አጎቱ አሜሪካ የሚኖር ሌላው ተማሪ ግን «ዝም በል ወንድሜ፤ አሁን ነው የሞተው» አለው። ክሪስም እጆቹን ወደ ላይ ያነሣል። እንግዲህ አንድ መብራት ላንዱ መዳን፥ ለሌላው ሞት ሆነ፤ ልዩነቱም ከማወቅ የመጣ ነው። የመጣው የክሪስ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን ፒል አስቀድሞ በሠራው ፍጻሜ የሚመጡት እውነተኛ ፖሊሶች ናቸው፥ ክሪስም ይታሰራል። የተለወጠውን ፍጻሜ ደካማ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የተሻለው እርሱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተመልካቹን የክሪስን ፍርሃት በገዛ ራሱ እንዲፈራ አድርጎ፥ ከዚያ በኋላ ስለሚለቀው ነው። ይህን ፊልም የጎልደን ግሎብ ሽልማት ሰጪዎች ከኮሜዲ ጋራ መድበውት እንደ ነበረ ስናስታውስ፥ የኛ ሸንጎ «ሆረር ነው፥ አይደለም» እያለ እስከ እኩለ ሌሊት መጨቃጨቁ ያን ያህል አያሳፍርም።

ስለ «ሄሬዲተሪ» የማወራው ጥቂት ነው። የአሪ አስተር ፊልም በ2018 ሲወጣ ሐያስያን አመሰገኑት፤ ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመጀመሪያው ሌሊት የጠየቃቸው ተመልካቾች ግን ዲ ፕላስ ሰጡት። በኛም ዘንድ «ምንም ሳይሆን ሁለት ሰዓት አለፈ» ተባለ። ወንድም እኅቱ በመኪናው ውስጥ ከሞተችበት በኋላ ዝም ብሎ ወደ ቤት ነድቶ ይተኛል፤ ሲነጋ ፊልሙ ፊቱን ብቻ እያሳየን የእናቱን ጩኸት ከውጭ ያሰማናል። ይህን «ምንም» ለሚል ሰው ምን እንደምመልስለት አላውቅም።

ስለ «ኤክሶርሲስት» ግን መዘግየት አለብኝ። ዊሊያም ፍሬድኪን በ1973 የሠራው ይህ ፊልም ከሁሉ ይልቅ አስፈሪ ነው ሲባል ስለሰማን ብዙ ጠብቀን ነበር። የልጅቱ ራስ ወደ ኋላ ሲዞር ግማሾቻችን ሣቅን፤ እኔም ሥቄአለሁ። አንድ ጓደኛችን ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፥ ገና ጋኔን የተባለ ሳይታይ፥ ሐኪሞቹ በልጅቱ አንገት መርፌ ሲያስገቡ ተነሥቶ ወጣ። ፈሪ ነው ተባለ፤ በደብተሬም እንደዚያ ብዬ ጻፍሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ በመንገድ ስንሄድ እርሱ ራሱ ነገሩን አነሣው። ሕፃን ሳለ ታላቅ እኅቱ ታማ እናቱ ከሐኪም ወደ ሐኪም፥ ከሐኪምም ወደ ጠበል ይዘዋት ሲዞሩ አብሮ ነበር። «ጋኔኑ አይደለም ያስወጣኝ፤ ጋኔን ቢጮኽ ሰምቼ አውቃለሁ» አለኝ። «ያስወጣኝ የእናትየዋ ፊት ነው። ሐኪሙ ሲናገር የምታየው አፉን ነው፤ የሚናገረውን አትሰማም። እናቴ እንደዚያ ነበረች።»

ፊልሙን ለብቻዬ እንደ ገና አየሁት። በእርግጥ ከግማሽ ለማያንሰው ጊዜ የኤለን በርስቲን ፊልም ነው፤ የምርመራ፥ የማሽን ድምፅ፥ የሐኪሞች ስብሰባ ፊልም። ካህናቱን እንድትፈልግ የሚመክሯት ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳያምኑበት። ሌሎቻችን ጋኔኑን እስክናይ ድረስ ፊልሙ አልተጀመረም ብለን ስንጠብቅ፥ እርሱ በመጀመሪያው ሰዓት አይቶ ጨርሶት ነበር። ከደብተሬ «ፈሪ» የሚለውን ቃል ሰረዝሁት፤ በምትኩ የምጽፈው ቃል ግን አላገኘሁም።

ያ ጓደኛችን ቅዳሜ ማታ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አንድ ቀን ግን ፍጻሜው እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ወጣቱ ካህን ጋኔኑን ወደ ራሱ ጠርቶ በመስኮት ወድቆ እንደሚሞት፥ ልጅቱም እንደምትድንና ምንም እንደማታስታውስ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «ልጅቱስ ረሳች» አለ፤ «እናትየዋስ?»