በድሮው ስም
ስለ ሀዋሳ ሐይቅ የምታጠና ተማሪ ፍለጋዋን «አዋሳ» ብላ ስትጀምር ደስ ይለኛል። ቀደምት ጥናቶች በዚያ ስም ስለተጻፉ «ሀዋሳ» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ብዙ ያመልጠዋል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲመሠረት ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አለ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ያገኘችውን ወዲያው አለማመኗን ነው። ቆሮሶ ስለሚባለው ዓሣ የተሠራ ሰንጠረዥ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ናሙናው በየትኛው ወር፣ ከሐይቁ በየትኛው ዳር፣ በምን ዓይነት መረብ ተወሰደ ብላ ትጠይቃለች። የመረቡ ዓይን ሰፊ ከሆነ ትንንሾቹ ሾልከው ይሄዳሉ፤ በወረቀቱ ላይ የሐይቁ ዓሣ ሁሉ ትልቅ ይመስላል። ይህን ካየች በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ አጥማጆቹን ትጠይቃለች።

ተማሪዎች ሆይ፣ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ሁለቱንም ስም ይዛችሁ ግቡ።