ኩርባውን ማቅናት የሚያስከፍለው ዋጋ

በመካነ ሰላምና በወግዲ ደጋ ባቄላ ለመብሰል ከዓባይ በረሃ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ፖሊመር የሚሠራ ኬሚስት እዚያ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ላይ ጥዶ መዝገቡ ላይ «100 ዲግሪ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ ቀላል አይሆንም። የኬሚካል ፍጥነትን ከሙቀት ጋር በሚያያይዘው የአሬኒየስ ቀመር ሲሰላ፣ የስታይሪን ሰንሰለት የሚረዝምበት ፍጥነት በሁለቱ ሙቀቶች መካከል በ30 በመቶ ገደማ ይለያያል፤ ሰንሰለቱን የሚያስጀምረው ኤአይቢኤን የሚፈርስበት ፍጥነት ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህን የትኛውም ስታቲስቲክስ አያቃናውም።

ቴርሞሜትሩ ከታመነ በኋላ ተራው የስሌቱ ነው።

በ1944 ፍራንክ ማዮና ፍሬድሪክ ሉዊስ፣ ሁለት ሞኖመሮች (የፖሊመር ሰንሰለት የሚገጣጠምባቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች) ሲቀላቀሉ የትኛው በምን መጠን ሰንሰለቱ ውስጥ እንደሚገባ የሚገልጽ ቀመር አወጡ። የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሞኖመር በሰንሰለቱ ጫፍ ሲሆን ከራሱ ዓይነት ጋር የሚያያዝበት ፍጥነት ከሌላው ጋር ለሚያያዝበት ፍጥነት ሲካፈል የሚገኙ ናቸው፤ ለስታይሪን 0.52፣ ለሜቲል ሜታክሪሌት 0.46 ገደማ። ሁለቱም ከ1 ስለሚያንሱ፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ሞኖመር ከራሱ ዓይነት ይልቅ ሌላውን ይመርጣል።

ቀመሩ ኩርባ ነው። ፋይንማንና ሮስ በ1950 ቀጥታ መስመር አደረጉትና በማስመሪያ የሚሠራ ሆነ። ሲቃና ግን የመለኪያው ስሕተትም አብሮ ይለወጣል፤ አንዱ ሞኖመር እጅግ ጥቂት የሆነበት ነጥብ ብቻውን መስመሩን ይጎትታል። ይባስ ብሎ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» የተባሉት ሞኖመሮች ስም ቢቀያየር ያው ልኬት ሌላ መልስ ይሰጣል። ስያሜ ሲለወጥ የሚለወጥ ቁጥር እንዴት ይታመናል?

ቲድዌልና ሞርቲመር በ1965 ኩርባውን እንዳለ ትተው የስሕተቶቹን ካሬ ድምር በቀጥታ አሳነሱ። የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሌላው ሐሳባቸው ነው፦ ሙከራዎችን ከዳር እስከ ዳር በእኩል መበተን ብክነት ነው። በቀመራቸው ሲሰላ፣ ለእነዚህ ሁለት ሞኖመሮች የስታይሪኑ ድርሻ 19 እና 79 በመቶ ገደማ በሆነባቸው ቅልቅሎች ላይ መደጋገም ይሻላል። ለመነሻ ሻካራ ግምት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ጥቂት ሙከራዎች ይበቃሉ። ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ለሚያስመጣ የኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የሁለቱ ቁጥሮች ግምቶች ተያይዘው ስለሚንቀሳቀሱም ለየብቻ የሚጻፍ የስሕተት ወሰን አይበቃቸውም፤ አብረው ሊሆኑ የሚችሉበት ሞላላ ክልል መሳል አለበት። አር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ሞላላው በአንድ በኩል ከረዘመም ቀጣዩ ሙከራ ከሁለቱ ቅልቅሎች በየትኛው ላይ መጨመር እንዳለበት ያሳያል።